ሁለት ካሜራና የእንቁ ነጠላ

ካሳዬ ፎቶ አንሺ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሲስቅ አንሥቷል፣ ሕፃን ክርስትና ሲነሣ አንሥቷል፣ ፓስፖርት ፈላጊውን ሁሉ «ጥርስዎን ይግጠሙ፣ አገጭዎን ዝቅ» እያለ አንሥቷል። ከዚህ ሁሉ ዓመት ምን ተረፈው ቢባል፣ ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ ጠባብ ሱቅ፣ ከእሱ ቀድሞ የሚነቃ የወገብ ሕመም፣ እና እንቁ የምትባል ሚስት ናት።

ሱቁ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተሸጎጠ ነው። መስኮት የሚባል ነገር አያውቅም። ጣሪያው ላይ የተጋደመው ረጅም አምፖል ጤነኛውን ሰው ሁሉ ከሆስፒታል የወጣ ያስመስለዋል፤ ካሳዬ ግን ከለመደው ቆይቷል። በሩ አጠገብ ደንበኛ ፀጉሩን የሚያስተካክልበት መስታወት ተሰቅሏል። ከመስታወቱ ሥር እንቁ ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ ጉርድ ፎቶ ትቆርጣለች፣ ፖስታ ውስጥ ትከታለች፣ ስም ትጽፍበታለች። የሠርግ ቀን ደግሞ ሪፍሌክተሩን፣ ያንን ብርሃን ወደ ሙሽራ ፊት የሚመልሰውን ነጭ ክብ ጨርቅ፣ ይዛ ከባሏ ጎን ትቆማለች። ባል ያነሣል፣ ሚስት ታበራለች። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ልጅ እግዜር አልሰጣቸውም፤ የሰው ልጆች ፎቶ ግን ቤታቸውን ሞልቶታል።

አሁን አሁን ሥራው እንደ ድሮው አይደለም። ስልክ የሌለው ማን አለ? ሁሉም ሰው ፎቶ አንሺ ሆኗል፣ ገንዘብ የሚከፍል ብቻ ነው የጠፋው። ለካሳዬ የቀረለት ሠርግና ክርስትና ነው፤ እሱም በስልክ አልረካም ለሚሉ፣ አልበም ገልጠው እንግዳ ካላሳዩ የደገሱ ለማይመስላቸው ሰዎች። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው።

ካሜራው የሞተው ከደብረ ዘይት አንድ ሳምንት ቀድሞ፣ በመፃጉዕ እሑድ ነው። ቦሌ ቡልቡላ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ሕፃኑን ከውሃው ብድግ ሲያደርጉት ካሳዬ ቁልፉን ተጫነ፤ ካሜራው አንድ ጊዜ ጓ አለና ጸጥ አለ። የቀረውን ክርስትና በእንቁ ስልክ አንሥቶ፣ የሕፃኑን አያት ቀና ብሎ ማየት አፍሮ ወጣ። ጠጋኙ ዘንድ ወሰደው። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ሹተሩ አልቋል፤ ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል፣ ማንስ ቢሆን አይደክመውም?» አለው። ካሳዬ በካሜራው ቀና። እሱ እንኳ አልቋል ተብሎ ተፈርዶለት ዐረፈ።

በሁዳዴ ሠርግ የለም፤ ስለዚህ ለጊዜው ማንም አልጠየቀውም፤ ጉርድ ፎቶውንም በእንቁ ስልክ እያነሣ ይገፋው ነበር። ጉዱ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለዳግም ትንሣኤ ኦቦ ጉዲና ሰኚ የምትባለውን ታናሽ ልጃቸውን ይድራሉ። ኦቦ ጉዲና ከጥንት የቡልቡላ ገበሬዎች ናቸው፤ ካሳዬና እንቁ የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም የቆመው እሳቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ነው። የታላቂቱን ሠርግ ያነሣው ካሳዬ ነበር፤ በዚያ አንድ ድንኳን ምክንያት የአካባቢው ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ሲጠራ ከርሟል። ይህ ሠርግ ካመለጠው የሚከተለው ሁሉ አብሮ ያመልጠዋል፤ ሱቁም ከክረምቱ አይሻገርም። የካሜራው መሞት ወሬ ጆሯቸው ሲገባ ኦቦ ጉዲና ደወሉ።

«ስማ ካሳዬ፣ ካሜራ የሌለው ፎቶ አንሺ፣ በሬ የሌለው ገበሬ ነው» አሉት። «ሲኤምሲ ካሜራ በሰማይ የሚያበር ልጅ አለ ይሉኛል። እኔ አንተን ነው የምፈልገው። ግን ቅዳሜ ማታ ቁርጡን ንገረኝ።»

ቅዳሜ የተባለው የሆሳዕና ዋዜማ ነው። ካሳዬም ዓርብ ከቀትር በኋላ ሰብሊ ዘንድ ወጣ። ሰብሊ እዚያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያገለገሉ ካሜራዎችና ስልኮች ትሸጣለች፤ ከአሥር ዓመት በላይ ያውቃታል። ከመደርደሪያዋ ሁለት ካሜራ አውርዳ ፊቱ ደረደረችለት፤ አንዱ ካነን፣ አንዱ ናይከን።

«እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ ካሳዬ፣ ሁለቱም ለጀማሪ የተሠሩ ናቸው» አለችው። «ግን ብዙ አልተነኩም።»

«ግድ የለም» አላት። «ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ተመልሼ ጀማሪ ሆኛለሁ።»

በአቅሙ የሚገዛው አንዱን ብቻ ነው፤ ከተሳሳተም መመለሻ የለውም። ስለዚህ እዚያው ቆሞ አንዱን ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሣል። ሰብሊ አዘነችለት መሰል መታወቂያውን ተቀብላ ሁለቱንም ሰጠችው። «ቤትዎ ይዘው ይሂዱና በደንብ ይሞክሯቸው። ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ባልና ሚስቱ ሱቁን ዘግተው በሚኒባስ ወደ ቡልቡላ ሄዱ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ካሳዬ ሁለቱን ካሜራ አንገቱ ላይ እንደ ክታብ አንጠልጥሎ ፊት ፊት ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዞር ሲል እንቁ የለችም። ቁልቁል ተመለከተ፤ የደረጃውን ብረት ጨብጣ ቆማለች።

«ምነው?»

«ጾሙ ነው» አለች። «ሂድ፣ መጣሁ።»

ካሳዬም ጾሙ ነው ብሎ ሄደ። በሁዳዴ እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ቢከሳ ጾሙ ነው፣ ቢያዞረው ጾሙ ነው፣ ምግብ ቢያስጠላው ደግሞ እሰየው፣ ጾሙ ሠመረለት ይባላል። እንቁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ናት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንም ዘንድሮ ሁለት ሦስት ጉርሻ ቀምሳ ትተወዋለች። ጎረቤቶቿ «አንቺስ ዘንድሮ ባሕታዊት ሆንሽ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ክንዷን ደጋግማ ታካለች፤ እሱንም ካሳዬ የሽሮ ብዛት ነው ብሎት ነበር።

ቤት ገብተው ካሜራዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ተያዩ።

«ይኼኛው የጋሽ ማሞን ሌንስ ይቀበላል» አላት ካነኑን ብድግ አድርጎ። ጋሽ ማሞ ሙያውን ያስተማሩት ሰው ናቸው፤ ገርጂ ስቱዲዮ ነበራቸው፤ ሲሞቱ አንድ ጥሩ ሌንስ አውርሰውታል። «ያኛው ግን አይገጥምለትም።»

«ያኛውስ ምን አለው?»

«ባትሪ። አንዴ ከሞላ ሺህ ፎቶ ያልፋል። ይኼ አምስት መቶ ቢሆን ነው። ያኛው ክብደቱም ቀለል ይላል።»

«እንግዲያ ያኛው ነዋ! በዚህ መብራት ሙሽራዋን ‹ቆይ ባትሪ ልሙላ› ልትላት ነው?»

«ሌንሱስ?»

«ጋሽ ማሞ ነፍሳቸውን ይማር፤ ሌንሳቸው ግን ሠርግ አያስጠራህም።»

ካሳዬ ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ካነኑን እጁ ያውቀዋል፤ ጣቱ ሳይፈልግ ቁልፉን ያገኛል። ናይከኑ ፈጠን ይላል፤ ሙሽራዋ አበባ ስትወረውር ያ ፍጥነት ዋጋ አለው። ካነኑን ከመረጠ ተጨማሪ ባትሪ መግዛት አለበት፣ ናይከኑን ከመረጠ የጋሽ ማሞን ሌንስ ቀብሮ መቀመጥ ነው። አንዱን ሲመርጥ ሌላው ያሳዝነዋል። እንዲህ ሲያነሣና ሲጥል እንቁ ከወንበሯ ሳትነሣ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጠው ቆየችና ድንገት ቆጣ አለች።

«በሞቴ ካሳዬ፣ ነገ አንዱን ግዛና ይለቅልን! የፈለግከው ይሁን። ብቻ ይገዛ።»

ይህን ያህል መቸኮሏ ገረመው። ደክሟት ነው ብሎ ተወው።

ቅዳሜ ጠዋት እንቁ ቤተ ክርስቲያን ስማ ስትመለስ ካሳዬ በረንዳው ላይ ወንበር አስቀምጦ ጠበቃት።

«ተቀመጪልኝ» አላት። «የሰው ፊት እፈልጋለሁ። ካሜራ የሚለየው በሰው ፊት ነው።»

«እኔን ተወኝ። የአበባውን ማሰሮ አንሣ።»

«ማሰሮ ማግባቱን ትቷል። ኦቦ ጉዲና የሚድሩት ሰው ነው።»

«የጎረቤት ልጅ ልጥራልህ?»

«እንቁዬ፣ አምስት ደቂቃ ነው።»

ከነነጠላዋ ተቀመጠች። ነጠላውን ያለ ምክንያት አልጠቀስኩትም። ካሜራ ብቻውን ነጭ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አምፖል ሥር ሁሉን ቢጫ፣ ጥላ ሥር ሁሉን ሰማያዊ ሊያደርገው ይችላል። ነጩን የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። የሙያው ሰዎች ዋይት ባላንስ ይሉታል። ሌላ አገር ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ካርድ አለ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሠራ የእኛ ፎቶ አንሺ ግን ካርድ አይገዛም፤ የቆመው ምእመን ሁሉ ነጭ ለብሷል። ጋሽ ማሞ ካሳዬን ያስተማሩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። «ግድግዳ ይዋሻል፣ ወረቀት ይዋሻል፤ ታጥቦ የወጣ ነጠላ ግን አይዋሽም። በእሱ ለካ» ይሉት ነበር።

ካሳዬ መጀመሪያ እንዲሁ በዘፈቀደ በካነኑ አነሣት። እንቁ ወደ መሬት ታያለች።

«ዓይንሽን ወደ እኔ።»

ቀና አለች። ተጫነ። የካሜራውን መስኮት ተመለከተና ፊቷን አጎላው። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። «ይኼ ነገር ቢጫ ያበዛል» አለ ለራሱ፤ ሚዛኑ ወደ ናይከኑ አጋደለ። በናይከኑ አነሣት። እሱም ያው ነው። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ቢጫ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ነጸብራቁ ይሆናል ብሎ ወንበሯን ወደ ሌላው ጥግ አዞረው። እንደገና አነሣ። አሁንም ያው።

ያን ጊዜ ወደ ጋሽ ማሞ ትምህርት ተመለሰ። ጠጋ ብሎ የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ዘረጋና በካነኑ ነጠላውን ብቻ አነሣ፤ ነጭ ማለት ይህ ነው ብሎ ነገረው። በናይከኑም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ሁለት ፎቶ፣ በሁለት ካሜራ፣ በአንድ ብርሃን። ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው። ነጠላው በሁለቱም ላይ እንደ ወተት ነጭ ነው። ጥለቱ አረንጓዴ፣ ልክ እንደነበረው። ከኋላዋ ያለው የውሃ ጀሪካን ሰማያዊ፣ ልክ እንደነበረው። ሁሉም ነገር ትክክለኛ ቀለሙን ይዟል።

የእንቁ ዓይን ብቻ እንደ እርድ ነው።

ካሳዬ ሁለቱንም ካሜራ መሬት ላይ አስቀመጠና በገዛ ዓይኑ አያት። የጠዋት ፀሐይ ፊቷ ላይ ነበር። ጉንጯ ገብቷል። ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት ወጥቷል። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ይባላል፤ የሰው ሙሽራ ፊት ላይ ያለች ብጉር የማታመልጠው ሰው፣ ሚስቱን ከመቼ ወዲህ በፀሐይ ብርሃን እንዳላያት ማስታወስ አቃተው። ፈራ።

«እንቁ፣ ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል።»

«ካሜራው ይሆናላ» አለች ነጠላዋን ወደ ግንባሯ እየሳበች። «ያገለገለ ዕቃ እኮ ነው።»

«ሁለቱም?»

«ከአንድ ሱቅ አይደል የመጡት?»

ካሳዬ ወደ ውስጥ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተና እሷን መፈለግ ጀመረ። ከሁዳዴ በፊት የነበሩትን ሠርጎች ሁሉ አገላበጠ። ሺህ ፊት አለ። ሚዜዎች፣ አማቾች፣ ድንኳን ሥር ያንቀላፉ ሽማግሌዎች፣ ኬክ የተለቀለቁ ሕፃናት አሉ። እንቁ ግን የለችም፤ አንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ እጇ ብቻ ሪፍሌክተሩን ይዞ ይታያል። ሃያ አንድ ዓመት አብራው ሠርታ ያተረፈችው ያንን እጅ ነው። በመጨረሻ የጥር ወር አንድ ፎቶ ላይ ሙሉ ፊቷን አገኘ። ሙሽራው ሪፍሌክተሩን ገጭቶባት ስትስቅ ነው፤ ካሳዬ ሳያስበው ነው የተጫነው። አጎላው። ዓይኗ ነጭ ነው። ጉንጯም ሙሉ ነው።

ወደ በረንዳው ተመለሰ። «ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ወፍ ይሆናል እንግዲህ» አለች እንቁ፤ አገሬው እንዲህ ዓይን የሚያቢጨውን ሕመም የወፍ በሽታ ይለዋል። «ሳምንቱ ደግሞ ሕማማት ነው። ፋሲካ ይለፍና እንሄዳለን። አሁን ሰብሊ ጋ ሂድ፣ ሰዓቱ ሳያልፍብህ።»

«ተነሽ።»

«ኦቦ ጉዲና ማታ መልስ ይጠብቃሉ እኮ!»

«ተነሽ አልኩሽ!»

ጮኸባት። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ጮኾባት አያውቅም። እሷም ከሱ ይልቅ ጎረቤት እንዳይሰማ ፈርታ ተነሣች። ደረጃውን ሲወርዱ ካሜራዎቹን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ክንዷን ያዘ። ክንዷ ከስቶ እጁ ውስጥ ጠፋ።

መንገዳቸው ነውና መጀመሪያ ኢምፔሪያል ወረዱ። እንቁን ሱቁ በር ላይ አስቀምጧት ወደ ሰብሊ ወጣ። ገና ስምንት ሰዓት ነበር።

«ቀደም አሉ እኮ! የትኛው ተሻለ ጋሼ ካሳዬ?»

«ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አላት ካሜራዎቹን ጠረጴዛው ላይ እያኖረ። «ሁለቱም አንድ ነገር ነው ያሳዩኝ።»

«ታዲያ የቱን ልጠቅልልዎ?»

«መታወቂያዬን ስጪኝ።»

ሰብሊ ፊቱን አየች። መታወቂያውን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ለካሜራ የተቆጠረው ገንዘብ ከነፖስታው ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሲወርድ እጁን ከላዩ ላይ አላነሣም።

ደረጃው መሐል ቆሞ ማታ እስኪሆን ሳይጠብቅ ራሱ ደወለ።

«ኦቦ ጉዲና፣ ለሲኤምሲው ልጅ ይስጡት።»

«ካሜራ አጣህ?»

«ካሜራስ አገኘሁ። ሚስቴ ታማለች።» ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

«ያቺ ጨርቅ የምትይዘው?» አሉ ሽማግሌው። «ዋቃ ይማርልህ ልጄ። ዋቃ ይማርልህ።» ከዚያም፣ እሳቸውም የሚድሩት ልጅ አለቻቸውና፣ «እንግዲህ ለልጁ ዛሬውኑ ልንገረው?» ብለው ጠየቁ።

«ይንገሩት» አላቸው።

ክሊኒኩ ገርጂ ነው። ተራ ሲጠብቁ እንቁ ትከሻው ላይ ራሷን ጣል አድርጋ ነበር፤ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ቅር ያላት ስለ ሠርጉ እንደሆነ ገባውና፣ ለፋሲካ ሌላ እንደሚገኝ፣ ጉርድ ፎቶውን ደግሞ ካሜራ ተውሶም ቢሆን እንደሚሠራ ነገራት። እሱ ራሱ ግን አላመነውም።

ስማቸው ተጠርቶ ገቡ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የእንቁን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ በትንሽ መብራት አየች፤ ሆዷን በቀኝ በኩል ተጫን ተጫን አደረገችና እንቁ ስትሸማቀቅ እጇን አነሣች። ለምርመራ ደም እንደሚሰጡ፣ ሰኞ ደግሞ ትልቅ ሆስፒታል ሄደው ጉበቷ መታየት እንዳለበት ነገረቻቸው። ከዚያ ብዕሯን አነሣች።

«ዓይንዎ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

ካሳዬ ቀድሞ ጠጋ አለ። «ጥር ላይ አልነበረም» አለ። «ፎቶ አለኝ። ነጭ ነበር፣ አጉልቼ አይቼዋለሁ።»

«ጥር ሩቅ ነው። ቀኑን ባውቀው ጥሩ ነበር።»

የስንቱን ሰው ሠርግና ክርስትና ቀን በቃሉ የሚያውቀው ካሳዬ ይህችን አንዲት ቀን አያውቃትም።

እንቁ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ፣ «ከደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት» አለች።

ሐኪሟ ጻፈች። «እርግጠኛ ነዎት?»

«ሱቃችን በር ላይ ያለው መስታወት ላይ አየሁት።»

ካሳዬ ወደ ሚስቱ ዞረ። ከደብረ ዘይት ማግስት እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ከዚያ መስታወት ሥር፣ ከሱ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ አቀርቅራ ጉርድ ፎቶ ስትቆርጥ ነበር።

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልመጡም?» አለች ሐኪሟ።

እንቁ ባሏን አላየችውም።

«ካሜራውን እስኪገዛ ብዬ ነው» አለች።